እናቴ በቴሌቪዥን ያየችኝ ማታ

ከምሠራበት ኳታር ለእረፍት አዳማ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ቡና አፈላች። በሩ ክፍት ነው፤ ንፋሱ እንደ ልማዱ አቧራውን ይዞ ይገባል። ቶናው ሲቀዳ የታናሽ ወንድሜ ጓደኞች ሦስት ሆነው መጡ። ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄው ተጀመረ።

«እህቴ፣ ሜሲን በአካል አይተሽዋል?» አለ አንዱ።

«ሳውዲ ለ2034ቱ የዓለም ዋንጫ ሠራተኛ በገፍ ትወስዳለች ይላሉ። አሁኑኑ ገብቶ መጠበቅ አይሻልም?» አለ ሁለተኛው።

ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ነው። ተቆጣ። «እንኳን ልንሠራላቸው ኳሱንም ማየት የለብንም። ኢትዮጵያ ከወዲሁ አልሳተፍም ማለት አለባት» አለ። የመጀመሪያው «መጀመሪያ እንለፍ እንጂ!» ሲለው ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዋልያዎቹ ለዓለም ዋንጫ አልፈው አያውቁም፤ ሳቁ ይገባኛል። ጥያቄው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሆዴ ሲመላለስ ከረመ። ሠራተኛ የሚበደልበት ሀገር ላይ ውድድር ሲደረግ መቅረት ይሻላል ወይስ መሄድ? እኔ ከተበደሉት አንዷ ነኝ። ስታዲየሙ ውስጥም ነበርኩ። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር።

ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ የውጭ ኑሮ ያስለመደኝ ነው። ጊዜው 2019 ነው። የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ዶሃ ላይ ይካሄዳል። እኔ ከማዳም ቤት ወጥቼ በአንድ የጽዳት ድርጅት እሠራለሁ። ደሞዜ በወር 900 ሪያል ነው። ሁለት ወር አልተከፈለንም። ፓስፖርታችን ቢሮ ተቆልፎበታል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወንበሩ ባዶ ነው የሚል ወሬ በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ወጣ። የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ሽሽት እኩለ ሌሊት ላይ ነበር የተጀመረው። ያም ሆኖ ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ። የኛዎቹ ሦስቱም ከነሱ ውስጥ ነበሩ። የአዳማ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ይላል፤ ያን ሙቀት ግን አያውቀውም። እኛ ደግሞ መጥረጊያ ይዘን በቀን ነው የምንውልበት።

የመስቀል ዕለት ሲፋን ሐሰን 10,000 ሜትሩን ለኔዘርላንድስ አሸነፈች። ለተሰንበት ግደይ ሁለተኛ ሆነች። ካምፓችን ውስጥ ብዙዎቹ አዘኑ። እኔ በስልክ እያየሁ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ሲፋን አዳማ የተወለደች ልጅ ናት፤ በ15 ዓመቷ ነው ተሰዳ የወጣችው። የለበሰችው ማሊያ ሌላ ቢሆንም የኛው አቧራ ያሳደጋት ናት።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 30፣ ሱፐርቫይዘሩ ጠዋት ሊቆጥረን መጣ። ስለ ደሞዛችን ጠየቅነው። ከቦርሳው ቲኬት አወጣና አደለን። «ዛሬ ማታ ሀገራችሁ ይሮጣል፤ ሂዱና ተደሰቱ» አለን። ደሞዝ ለጠየቀ ሰው ቲኬት! አውቶቡስ ላይ ሲያወጣን ቆጠረን። በር ላይ ስንወርድ ቆጠረን። ከገባን በኋላም በየወንበሩ እየዞረ በጣቱ ቆጠረን። ከብት እንኳ ሲሰማራ አንዴ ነው የሚቆጠረው።

ከዚያ ግን ቀና ስል ሌላ ዓለም አየሁ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ብቻ ነው የሚታየው። ሁለት ዓመት ሙሉ የእረፍት ቀን ያላገኙ ልጆች ባንዲራ ለብሰው ይዘላሉ። አንዷ የጂማ፣ አንዷ የወሎ፣ አንዷ የሆሳዕና፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። የ5,000 ሜትሩ መጨረሻ ላይ ኖርዌጂያኑ ልጅ ሲፈተለክ ልባችን ቀጥ አለ። ሙክታር እድሪስ ከኋላ መጣ። ሰለሞን ባረጋ ተከተለው። 12 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ። አንደኛም ሁለተኛም እኛ! እኔ ጮህኩ፣ አለቀስኩ፣ የማላውቃትን ሴት አቅፌ ተንከባለልኩ። ለሦስት ዓመት «አንቺ ልጅ» ተብዬ ስጠራ ነው የኖርኩት። ያን ማታ ኢትዮጵያዊት ነበርኩ።

ያኔ ነው ካሜራው እኛ ላይ የመጣው።

በማግስቱ እናቴ በኢሞ ደወለች። እልልታዋ ከካምፑ ጣሪያ በላይ ነው። «ልጄ አየሁሽ! ሰፈሩ ሁሉ አየሽ! ፊትሽ ወዝቷል፤ ደልቶሻል፤ ተመስገን!» አለችኝ። እውነት ነው፣ ፊቴ ያበራ ነበር። ምን ልበላት? «አዎ እማዬ፣ ደልቶኛል» አልኳት።

በሳምንቱ ጥያቄው ጎረፈ። የአክስቴ ልጅ ሠርግ አለባት። የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ይቀየር ተባለ። አንድ ዘመዳችን ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ አነሰኝ አለ። ስታዲየም ተዝናንታ የምትውል ልጅ የለኝም ብትል ማን ያምናታል? እኛ ደግሞ «አልተከፈለኝም» ማለት ሞት ይመስለናል። ከኔ በላይ ካለው አልጋ ከምትተኛው ልጅ 1,500 ሪያል ተበድሬ በሐዋላ ላክሁ። እሷም ያጠራቀመችው ከኔ የባሰ ችላ ነው።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ማጣት ለምጄዋለሁ። ያንን ደስታዬን ግን በገዛ እናቴ ፊት ምስክር አድርገው አቀረቡብኝ። የደሞዝ ጥያቄያችን ያን ሰሞን ተረሳ። እኛም ለመጠየቅ አፈርን።

ታዲያ ኢትዮጵያ ያን ሻምፒዮና ብትቀር ይሻለኝ ነበር ወይ? ተማሪው ልጅ ይህንኑ ነው የጠየቀኝ። አይሻለኝም። ሙክታር ባይመጣ ደሞዜ አይከፈለኝም፤ ያን አንድ ማታም አጣው ነበር።

አጎቴ ይህን ሲሰማ ሲኒውን አስቀመጠ። ዕድሜውን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የጨረሰ ሰው ነው፤ ስለ ስፖርት ሲያወራ ከሬዲዮ የሰማውን ሁሉ በዓመቱ ነው የሚያስታውሰው። «መቅረትን ከኛ በላይ ማን ያውቃል?» አለ።

እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ኦሎምፒክ ላይ ከ20 በላይ የአፍሪካ ሀገሮች ቀሩ። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ሶዌቶ ውስጥ ተማሪዎች በጥይት በሚረግፉበት ሰሞን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫውቶ ነበር። ኦሎምፒኩ ኒውዚላንድን አላስወጣ ሲል አፍሪካ ወጣች። ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ። በጉልበቱ ዘመን ነበር። ሁለቱን ወርቅ ለማግኘት እስከ 1980 ሞስኮ መጠበቅ ነበረበት።

በ1984 ሎስ አንጀለስም ቀረን፤ ሶቪየት ስለቀረች። በ1988 ሶል ላይም ቀረን፤ ሰሜን ኮሪያን ደግፈን። በዚያው በ1988 ኤፕሪል ወር በላይነህ ዴንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ኖረ። ኦሎምፒኩን ግን እሱም እንደኛው ከሩቅ ሰማው።

አጎቴ «የ76ቱ አይቆጨኝም፤ የ84ና የ88ቱ ነው የሚቆጨኝ» አለ። ለምን ስለው፣ «የ76ቱን ጥቁሮቹ ራሳቸው ለምነውናል» አለኝ። ይህ ነገር ልቤ ገባ። የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች አትጫወቱላቸው፣ ከነጮቹ ጋር አትሰለፉ እያሉ ዓለምን ለምነዋል። እኛም ሰምተናል። ገና በ1957፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲደረግ፣ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ብላ ከውድድሩ ወጣች። ተጋጣሚዋ እኛ ስለነበርን ሳንጫወት ፍጻሜ ደረስን። ግብፅ 4 ለ 0 ብታሸንፈንም የሚያሳፍር አይደለም። ይድነቃቸው ተሰማም የአፍሪካ እግር ኳስን ሲመሩ አፓርታይድን እስከ መጨረሻው ታግለውታል። በ1992 ባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲዞሩ፣ ያ ሁሉ መቅረት ፍሬው ታየ።

የ84ቱና የ88ቱ ግን የሌላ ሰው ጠብ ነበር። ማን ለመነን? ደግሞ የቀረው ደርግ ነው፤ የራሱን ወጣት በየመንገዱ የገደለ መንግሥት።

እኛንስ ማን ጠየቀን? በ2022 የዓለም ዋንጫ ጊዜ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። አንድ አውሮፓዊ እንግዳ፣ ደግ ሰው ነው፣ በር ላይ አቆመኝና «እዚህ መምጣቴ ጥፋት ነው ብለሽ ታስቢያለሽ?» አለኝ። ተቆጣጣሪዬ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። «ደስተኞች ነን ጌታዬ፣ ፎጣ ልቀይርልዎ?» አልኩት። ልቡ ቀለል ሲለው ፊቱ ላይ አየሁ። ፈረንጅ ሲጸጸት መልሱን ወዲያው ይፈልጋል። የነሱ ቡድኖችም መድልዎ እንቃወማለን ብለው ክንዳቸው ላይ ሊያስሩት የነበረውን ጨርቅ ቢጫ ካርድ ይሰጣችኋል ሲባሉ ተዉት። የኛ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ክፉውን ጨርሶ መስማት አይፈልግም። «ሜሲን አየሽው?» ነው የሚለኝ።

ነገር ግን እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ዓለም ኳታርን ማየቱ ጠቅሞኛል። በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር ይችላል ተባለ። በ2021 ዝቅተኛው ደሞዝ 1,000 ሪያል ሆነ። እኔ 100 ሪያል የተጨመረልኝ በዚያ ሕግ ነው። ሕጉ በወረቀት እንዳለው አልሆነም፤ ሥራ ልቀይር ስል አሠሪዬ ስድስት ወር አጉላልቶኛል። ግን የምጠቅሰው ወረቀት ነበረኝ። ሁሉም ቀርቶ ማንም ዞር ብሎ ባያየን ይህም አይኖርም ነበር።

በር መዝጋትን እኛ ሠራተኞቹም ቀምሰነዋል። በ2013 ሳውዲ ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገን ተመለሰ። መንግሥት ያኔ ለሥራ ወደ አረብ ሀገር መሄድን አገደ። ሐሳቡ እኛን ለመጠበቅ ነበር። አዳማ ላይ ግን ሥራ አልተጨመረም፤ የደላላው ዋጋ ብቻ ጨመረ። እኔ በ2016 የወጣሁት በእገዳው ዘመን ነው። ውል የለኝም፣ ኤምባሲ አያውቀኝም። ማዳም ቤት ሁለት ዓመት የሆንኩትን ሁሉ የሆንኩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለተማሪው ልጅ ያልኩት ይህን ነው። እምቢ የሚባልበት ቀን ውድድሩ የሚጀመርበት ቀን አይደለም። ያን ቀን ዋጋ የሚከፍለው አራት ዓመት የለፋ ልጅ ነው። እምቢ የሚባለው አዘጋጅነቱ ሲሰጥ ነው። ሳውዲ ለ2034 ብቻዋን ቀረበች፤ ዲሴምበር 11 ቀን 2024 የዓለም ፌዴሬሽኖች በጭብጨባ ሰጧት። የኖርዌይ ፌዴሬሽን በዚህ አካሄድ አልተባበርም አለ። በ2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን የየመን ድንበር ላይ እንደገደሉ ዘግቦ ነበር። ሳውዲ አስተባብላለች። የሞቱት ግን የኛ ልጆች ናቸው። አዘጋጅነቱ የተሰጠ ቀን «አላጨበጭብም» ማለት ለኛ ሀገር ይገባት ነበር። አንድም ሯጭ ሜዳሊያ አያጣበትም። ደሞዛችን ይከፈል፣ ፓስፖርታችን እጃችን ይሁን፣ የሞተው ሰው ሬሳ ለእናቱ ይምጣ፤ ይህ ይፈረም፣ ከዚያ ይሰጥ ማለት ይቻል ነበር።

ለሁለተኛው ልጅ፣ ሳውዲ ገብቼ ልጠብቅ ላለው፣ ሌላ ነው ያልኩት። በእግርና በባሕር አትሞክረው። የጅቡቲ መንገድ በደጃችን ነው የሚያልፈው፤ በዚያ መንገድ ሄደው ድምፃቸው የጠፋ የሰፈራችን ልጆች አሉ። ከሄድክ በሕጋዊ ውል ሂድ። ፓስፖርትህንና ውልህን ፎቶ አንስተህ ለእህትህ ላክ። ያገኘኸውን ሁሉ አትላክ። ባልተከፈለህ ወር አልተከፈለኝም በል። ለእናትህ ንገራት። ቀን ላይ ቆመው ሥራ የሚያስጀምሩህ ሰዎች ማታ ፎቶ ሊያነሱህ ይመጣሉ፤ ፎቶውን ከመነሳትህ በፊት ደሞዝህን ተቀበል።

እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሲኒ እያጠብኩ ለእናቴ ነገርኳት። ያን ማታ ሁለት ወር አልተከፈለኝም ነበር አልኳት። ረከቦቱን ስትጠርግ ቆም አለች። ብዙ ጊዜ ዝም አለች።

«ታዲያ የቆርቆሮውን ብር ከየት አመጣሽው?»

«ከአንዲት ልጅ ተበድሬ።»

ጣሪያውን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የልጅቷ ክርስትና ስም ማን ነው? በጸሎት ላስባት» አለችኝ።

ሙስሊም ናት አልኳት።

«ቢሆንስ፣ የሚጠሯትን ስም ንገሪኛ» አለች። ነገርኳት።