ለአንድ ሥራ ስንት ዙር ኢንተርቪው?

ሰው አገር ላይ የሶፍትዌር ሥራ ለሚፈልግ ስደተኛ ከምንም በላይ የሚያጥረው ጊዜ ነው። የኪራይ ቀን ይደርሳል፣ የሥራ ፈቃድ ማደሻው ይደርሳል። ስለዚህ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ያድርና ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ካሜራ ፊት ይቀመጣል። እኔም ወደ ሙያዬ የተመለስኩት በዚሁ መንገድ ነው።

ፈተናው መክበዱን አልቃወምም። ኮድ የማይችል ሰው ቢቀጠር ስህተቱን ሌሊት ተነስቶ የሚያርመው ባልደረባው ነው። የማልስማማው ከርዝመቱ ጋር ነው።

አንድ ድርጅት (ስሙ ይቅር) መጀመሪያ በሪክሩተር (በሠራተኛ መልማይ) አስደወለልኝ። ቀጥሎ በሰዓት የተገደበ የኦንላይን ፈተና መጣ። ከዚያ «ከ3 ሰዓት በላይ አይወስድም» የተባለ የቤት ሥራ። ዝርዝሩን ሳነበው ሎግኢን ያለው፣ ዳታቤዝ ያለው፣ ቴስት (በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) የተጻፈለት ሙሉ አፕሊኬሽን ነው የሚፈልጉት። 3 ሰዓት ለዳታቤዙ እንኳ አይበቃም። ቅዳሜና እሑዴን ጠቅልሎ በላው፤ የቅዳሜ ሺፍቴን ለጓደኛዬ ስለሰጠሁ የዕለቱ ክፍያም አብሮ ቀረ። ዋናው የቴክኒክ ኢንተርቪው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ጠያቂ እየተቀያየረ ግማሽ ቀን። የሚያናድደው፣ ከጠያቂዎቹ አንዳቸውም የቤት ሥራዬን ከፍተው አላዩትም። በመጨረሻ መልስ ከማይጻፍበት አድራሻ አጭር ኢሜይል ደረሰኝ፤ ከሌሎች አመልካቾች ጋር ለመቀጠል ወስነዋል። ምን እንደጎደለኝ የነገረኝ የለም።

ከዚያ ግማሽ ቀን የማልረሳው አንዱን ጥያቄ ነው። ስክሪኔን ሼር አድርጌያለሁ፣ ከርሰሩ ብልጭ ድርግም ይላል። ጠያቂው «የምታስበውን ጮክ ብለህ ተናገር» አለኝ። እኔ ቁጥር የምቆጥረው በአማርኛ ነው። ሉፑ (እየተደጋገመ የሚሠራው የኮዱ ክፍል) ከዜሮ ይጀምር ወይስ ከአንድ የሚለውን በልቤ በአማርኛ አሰላለሁ፣ በአፌ በሌላ ቋንቋ አስረዳለሁ፣ በእጄ ኮድ እጽፋለሁ። ትንሽ ዝም ስል የጠያቂው ኪቦርድ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ስለ እኔ ይጻፍ ወይ ለሌላ ሰው ኢሜይል ይመልስ፣ እሱ ያውቃል። ከተሰነባበትን በኋላ፣ ላፕቶፑን ገና ሳልዘጋው፣ መልሱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ይህ የእኔ ድንጋጤ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2020 ያወጡትን ጥናት ሳነብ ነው። 48 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። ገሚሶቹ ጠያቂ እያያቸው፣ የሚያስቡትን እየተናገሩ ዋይትቦርድ ላይ ሠሩ፤ ገሚሶቹ ለብቻቸው ክፍል ተዘግቶላቸው። ሰው እያያቸው የሠሩት ውጤት ከሌሎቹ ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ።

ርዝመቱን በተመለከተ ደግሞ ጉግል የራሱን የቅጥር መረጃ መርምሮ ነበር። አንድ አመልካች ይቀጠር አይቀጠር የሚለውን በ86 በመቶ እርግጠኝነት ለመወሰን 4 ኢንተርቪው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ኢንተርቪው የሚያመጣው ለውጥ 1 በመቶ ያህል ነው ብሎ ደመደመ። እኔ የገጠሙኝ ትንንሽ ድርጅቶች ግን ከትልልቆቹ የቀዱት የአልጎሪዝም (የችግር መፍቻ ስልት) ጥያቄውን ነው፤ ማሳጠሩን ማንም አልቀዳም።

አሁን ተራው ደርሶኝ እኔም ጠያቂ ሆኛለሁ። ቡድናችን የቤት ሥራውን ትቶታል። ስህተት ያለበት ትንሽ ኮድ እንሰጣለን፣ አመልካቹ ለብቻው ያየዋል፣ ከዚያ ያገኘውን ይዘን አብረን እንነጋገራለን። ከመጀመሪያው ስልክ ጋር ተደምሮ ግማሽ ቀን አይሞላም። አንድ ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም፤ ኤአይ እያስጻፉ የሚመጡ ስለበዙ ዙር እንጨምር ይላል። ስጋቱ እውነት ነው። ግን ሁለተኛው ዙር ላይ ያልተያዘ አጭበርባሪ ስድስተኛው ላይ እንዴት እንደሚያዝ አይገባኝም። «ይህችን መስመር ብናጠፋት ምን ይፈጠራል?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል፤ ያልጻፈውን ኮድ ይዞ የመጣ ሰው እዚያ ላይ መንተባተብ ይጀምራል።

በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ፦ ሪክሩተሩ ገና ሲደውል ስንት ዙር እንደሆነ፣ በጠቅላላው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ የቤት ሥራ ካለ ክፍያ እንዳለው ጠይቁ። ነውር የለውም። እኔ ዛሬ መልሱ ካልጣመኝ አመስግኜ ስልኩን እዘጋለሁ፤ ይህን የማደርገው ግን ደመወዝ እየገባልኝ ስለሆነ ነው። የሥራ ፈቃዱ ሊያልቅ የተቃረበ ሰው እንደ እኔ ስልክ ይዝጋ አልልም። ቢያንስ ሰዓቱን ቀድሞ ካወቀ ሺፍቱን ከማን ጋር እንደሚቀያየር ያስብበታል።