ይሄ ሲገባ አልተመዘገበም

ላም አልበው በሚወጡ ሴቶች ሰልፍ ፊት ቆሞ ስለ ገዛ መቀመጫው ማብራሪያ የተጠየቀ ሰው ካለ ያግኘኝ፤ ቡና እጋብዘዋለሁ። እስካሁን ብቻዬን ነኝ። ማታ መብራት አጥፍቼ ልተኛ ስል የሰውዬው ድምፅ ይመጣብኛል፤ «ይሄስ ምንድን ነው?»

ነገሩ የሆነው መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ነው። እንጅባራ አካባቢ አንድ የግል የከብት እርባታ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። የእርባታውን ስም አልጠራም፤ ወተታቸውን አሁንም እጠጣለሁ። «ግቢው ውስጥ ለሳይክል የሚሆን መንገድ አለ፤ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ድንጋዩ፣ ጅረቱ፣ አንተው መጥተህ እየው! ባለቤቱንም አስፈቅጄልሃለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ዘንባባ ለዘንባባ መሪ ለቀን ስልክ እያወራን የምንነዳ ሰዎች ነን እኛ። እርግጥ ከተማችን እንደ ምጣድ ሜዳ ናት፤ ዳገት ካማረን ቤዛዊት ድረስ እንሄዳለን፣ እሱንም ብዙዎቻችን እየገፋን ነው የምንወጣው። ግን ይሄን ማን ይናገራል?

«አንድ ነገር ብቻ» አለኝ፣ «ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ግዛ። አለዚያ ሳምንቱን ሙሉ ቆመህ ነው እንጀራ የምትበላው።»

ልባሽ ተራ ሄጄ አገኘሁ። ስፖንጁ ውፍረቱ ሦስት ጣት ይሆናል። ሻጩ «ይሄ የቱር ደ ፍራንስ ነው» ብሎ በእናቱ ማለልኝ። ከላዩ ሰፊ ቁምጣ ደረብኩበትና መስታወት ፊት ዞር ዞር ብዬ አየሁት፤ ትንሽ ከኋላ ሞላ ከማለቴ በቀር ምንም አይልም።

በነገራችን ላይ፣ እዚህ አገር «ማውንቴን» ተብሎ ስለሚሸጠው ሳይክል አንድ ሰው አንድ ቀን መናገር አለበት። ማውንቴን የሚለው ተለጣፊው ብቻ ነው። የፊቱ አሞርዛተር ለጌጥ ነው፤ ሲጫኑት ይጮሃል እንጂ አይወርድም። ማርሹ ሃያ አንድ ነው ይባላል፤ ሦስቱ ይሠራሉ፣ ከሦስቱ አንዱ በራሱ ፈቃድ ነው የሚገባው። ካላማዳሪው ስንት እንደገባ ደግሞ አልነግራችሁም፤ ጎሚስታው ዋጋውን ሲነግረኝ ለመኪና መስሎት ነው ብዬ ደግሜ አሳየሁት።

በሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄጄ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወረድኩ። ብርዱ ሰላም ሳይለኝ ቁምጣዬን ዞረው። የእርባታው በር ላይ ጥበቃ አሉ፤ ጋቢ የለበሱ፣ ጠና ያሉ ሰው። ሠራተኛው ሁሉ «አያ» ነው የሚላቸው። ጥበቃ ቤቷ ግድግዳ ላይ የማን ፎቶ የተሰቀለ ይመስላችኋል? የፈረሳቸው። ግላሱን ለብሶ፣ አንገቱን ሰብሮ። ትልቅ መዝገብ አወጡና ይዤ የገባሁትን በቀይ እስክሪብቶ ጻፉ፦ ሳይክል 1፣ ኮዳ 1፣ ቆብ 1፣ ፖምፓ 1። ቆብ ያሉት ሄልሜቱን ነው። አስፈረሙኝ። ገባሁ።

መንገዱ የሚጀምረው ለከሰል ከሚተከለው ዛፍ፣ ከዲከረንሱ ነው። አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ከችግኙ ጋር ይዘራል፣ አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ይቆረጥና ከሰል ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል። በመስመር ስለሚተከል ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። መሪው የሰፋ ሳይክል ይዞ በመካከሉ የሚያልፍ ሰው ግን ዛፉን በክርኑ እየቆጠረ ነው የሚያልፈው።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ጥቁር ድንጋይ፣ በከብት ኮቴ የተቦረቦረ፣ ክረምቱ ያጠበው። ጓደኛዬ ከፊት ሆኖ ይጮሃል፤ «አትቀመጥ! ፔዳሉ ላይ ቁም! ወደ ኋላ ሳብ በል! የፊቱን ፍሬን ብቻውን እንዳትይዝ!»

አትቀመጥ። ልብ በሉልኝ። እንደዚህ ያለ መንገድ ላይ መቀመጥ ሞት ነው፤ ኮርቻው ከሥር እየተወረወረ ይማታል። ታዲያ ያን ሦስት ጣት ስፖንጅ ለምን አስገዛኸኝ? ይህን ጥያቄ በጩኸት አቀረብኩለት። የሰማ አይመስለኝም፤ እኔም መልሱን አልጠበቅኩም፣ ምክንያቱም ቁልቁለቱ አልቆ ጅረቱ መጥቷል። ውሃው ቀጭን ነው፤ ዳርና ዳሩ ግን ማጥ ነው። የፊት ጎማዬ ገባና ቀረ። እኔ ቀጠልኩ። አየር ላይ ዞሬ፣ ረግረጉ ውስጥ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ስፖንጁ ላይ የተቀመጥኩት ያኔ ብቻ ነው።

አንድ እረኛ ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ያየኛል።

«አይዞህ ጋሼ» አለኝ፣ «ላሚቱም ትናንት እዚችው ላይ ነው የገባች።»

«እሷን እንዴት አወጣችኋት?»

«በጅራቷ።»

በራሴ ወጣሁ። ስፖንጁ ግን የጠጣውን ጠጥቷል። ሦስት ጣት የነበረው አብጦ ስድስት ሆኗል፤ በተራመድኩ ቁጥር ከኋላዬ አንዳች ነገር «ጭልቅ» ይላል። ዳገቱን እየገፋሁ፣ «በሩ ሩቅ ነው?» ስል «እዚችው ናት» ይለኛል ጓደኛዬ። ጎጃም ውስጥ «እዚችው ናት» የሚባል የርቀት መለኪያ አለ፤ በሕግ ይከልከልልኝ። ጉብታውን ስንወጣ እዚችው ናት። ሌላ ጉብታ። እዚችው ናት። ጭልቅ፣ ጭልቅ፣ ጭልቅ።

በሩ ላይ ስንደርስ የማታ አላቢዎች እየወጡ ነው። ሰልፍ አለ፤ እርባታው ቅቤም ስለሚያወጣ ማንም ሳይፈተሽ አይወጣም። ጓደኛዬን አያ ያውቁታል፣ በጎን አለፈ። እኔ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ።

«እጅህን ወደ ላይ።»

ጎኔን ዳሰሱ፣ ኪሴን ዳሰሱ፣ ወደ ኋላ ዞሩ። እጃቸው ቆመ። ጫን አደረጉት። ውሃ ጠብ አለ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ስፖንጅ ነው፣ ጋሼ።»

«የምን ስፖንጅ?»

«የ… የመቀመጫ።»

«ሳይክሉ መቀመጫ የለውም?»

«አለው።»

«እና?»

ለዚህ «እና» እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።

ከሰልፉ አንዷ «ቅቤ ይሆናላ!» አለች። ሌላዋ «ኧረ ቅቤ እንዲህ ይጠቁራል?» ስትል፣ ሦስተኛዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «የዋለበትን አይተሽ ነዋ!» አለችና ሰልፉ ፈረሰ። ጓደኛዬ? ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንባውን ይጠርጋል።

አያ አልሳቁም። መዝገባቸውን አወጡ። ጣታቸውን በስሜ ላይ ቀስ እያሉ ነዱት።

«ሳይክል አለ። ኮዳ አለ። ቆብ አለ። ፖምፓ አለ። ስፖንጅ የለም።» ቀና አሉ። «ይሄ ሲገባ አልተመዘገበም።»

«ጋሼ፣ ለብሼው ነው እኮ የገባሁት!»

«ለብሰኸው ከገባህ ልብስ ነው። ልብስ ከሆነ ለምን አበጠ?»

«ውሃ ውስጥ ወድቄ ነው።»

«እሱን አላየሁም። እኔ የማየው መዝገቡን ነው። አውልቀህ አስቀምጥ፤ ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ በደብዳቤ ትወስዳለህ።»

በደብዳቤ! ቆሜ እያለሁ ደብዳቤው ታየኝ። ጉዳዩ፦ ቁምጣ እንዲለቀቅልኝ ስለመጠየቅ። ግልባጭ፦ ለንብረት ክፍል። መሥሪያ ቤቶቻችን አንድን ሰው ስንቴ እንደሚያመላልሱ የሚያውቅ ይረዳኛል፤ ያ ስፖንጅ ሳይደርቅ እኔ ነበርኩ የምደርቀው።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ተደወለ። ኔትወርክ ስለማይይዝ አያ ጉብታው ላይ ወጡ፤ ስለዚህ ድምፃቸው ለመላው እርባታ ተሰማ። «አንድ ልጅ ነው… አዎ፣ የሳይክሉ… ከኋላው እብጠት አለበት… የለም፣ ሕመም አይደለም፣ ስጫነው ያፈሳል…»

ረጅም ዝምታ። ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ይሰማል። ከዚያ «መዝግበው ያስወጡት»።

አሁን ደግሞ ስሙ ችግር ሆነ። «ስፖንጅ ብዬ ብጽፍ ነገ ኦዲተር መጥቶ የወተት ዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ ወጥቷል ይለኛል» አሉ አያ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም አሰብኩበት። ሴቶቹም አሰቡበት፤ እነሱ ያወጡትን ስም ግን እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ በቀይ ተጻፈ፦ «የመቀመጫ ትራስ፣ እርጥብ፣ 1»። አስፈረሙኝ።

መዝገቡን እየዘጉ «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈረስ ላይ ነኝ» አሉኝ። «የአገው ፈረሰኞች ማኅበራችን ከ1932 ጀምሮ አለ፤ አባቴም ነበሩበት። ዓድዋ ለዘመቱት ፈረሶች መታሰቢያ ነው የተቋቋመው። ጥር 23 በመጣ ቁጥር እንጋልባለን። ታዲያ ፈረሱ ሲለብስ እንጂ ሰውዬው ከሥር ሲለብስ አይቼ አላውቅም።»

ምን ልበል? ሰላም ብዬ ወጣሁ። ጭልቅ፣ ጭልቅ።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ጓደኛዬ ደወለ። ሳቁን መቆጣጠር አቅቶታል። አያ ጠርተውት፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ልጅ ያን ነገር ከየት ነው የገዛው?» አሉት አሉ። ዘንድሮ ወገባቸውን እያመማቸው ነው፤ ጥር 23 ደግሞ ደርሷል። ሰፋ ያለ ቢሆን ይመርጣሉ፤ ገንዘቡን ሲደርስ ይሰጡኛል።

«ሌላ ምን አሉ?» አልኩት።

«ሲያስገባው ማስመዝገቡን እንዳይረሳ።»