ቮድካ፣ ኮክቴልና የኛ አገር ዳግም

ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ቮድካ ሲነሳ «ያው የፈረንጅ አረቄ አይደል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለቱም ከእህል ጥንስስ በእሳት ስለሚወጡ አነጋገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ በኮክቴል፣ ማለትም ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ በሚሠራ መጠጥ ረገድ ያላቸው ልዩነት ሰፊ ነው።

አረቄ አውጪዋ ከጌሾና ከብቅል የተጠነሰሰውን ድፍድፍ በሸክላ ዕቃ አድርጋ ትጥዳለች፤ እንፋሎቱም በመቃ እየተመራ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠው መቀበያ ይገባና እዚያ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ዳግም የሚባለው እንደገና ተጥዶ የወጣው ሲሆን፣ ጉልበቱ ቢጨምርም የጌሾው ጠረን ፈጽሞ አይለቀውም።

የፖላንድና የሩሲያ ቮድካም ቀድሞ እንዲሁ ሻካራ ስለነበር በማርና በቅጠላ ቅጠል ይለዘብ ነበር። መልኩ መለወጥ የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሴንት ፒተርስበርግ ይኖር የነበረው ኬሚስት ቶቪ ሎቪትስ ከሰል ፈሳሽን እንደሚያጠራ ከደረሰበት በኋላ ነው። በ1830 እ.ኤ.አ. ደግሞ አየርላንዳዊው ኢኒየስ ኮፊ ሳያቋርጥ የሚሠራ ረጅም የማውጫ ማማ በስሙ አስመዘገበ፤ እንዲህ ያለው ማማ እየተስፋፋ ሲሄድ የእህሉን ጠረን ከሞላ ጎደል ያስወገደ አልኮል በብዛት ማምረት ተቻለ።

ይህ ጠረን አልባነት ለኮክቴል አመቺ ሆነ። በ1939 እ.ኤ.አ. ሂውብላይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኃላፊ ጆን ማርቲን የስሚርኖፍ ቮድካን መብት በ14,000 ዶላር ቢገዛም፣ ውስኪ የለመደው አሜሪካዊ ቮድካውን ዞር ብሎ አላየውም። በሰፊው እንደሚነገረው በ1941 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ካለ የመጠጥ ቤት ባለቤት ከጃክ ሞርጋን ጋር ተገናኘ፤ ሞርጋንም ጂንጀር ቢር የሚባለው የዝንጅብል ለስላሳ አልሸጥ ብሎት ነበር። ሁለቱን ከሎሚ ጭማቂና ከበረዶ ጋር በመዳብ ኩባያ አዋህደው «ሞስኮ ሙል» አሉት። መጠጡ ከስሙ በቀር ከሞስኮ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ለኔ ግን ከቮድካ ኮክቴሎች ሁሉ በደንብ የታሰበበት እሱ ነው፤ ዝንጅብሉ ያቃጥላል፣ ሎሚው ያነቃል፣ ቮድካው ደግሞ ድምፁን ሳያሰማ ጉልበት ይሰጣል። በ1970ዎቹ ቮድካ በአሜሪካ ገበያ ቦርቦን የሚባለውን የአገሩን ውስኪ በሽያጭ በልጦ ነበር።

በቮድካ ምትክ ዳግምን መቀላቀል ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ይህንኑ ሞስኮ ሙል ነው፤ የዳግሙን መጠን ግን መቀነስና ዝንጅብሉን ማጠንከር ያሻል፤ ጌሾውን ሊቋቋም የሚችለው ዝንጅብል ነውና። በቲማቲም ጭማቂ የሚሠራውን ብለዲ ሜሪን በዳግም መሞከር ግን ሁለቱንም ማበላሸት ነው፤ ከዚያ ይልቅ ዳግሙን እንደ ወጉ በመለኪያ መጠጣት ይሻላል።