ማዕረጉ ለልጅ ልጅ፣ መሬቱ ለሁለተኛዋ

በሰሜን እንግሊዝ፣ ደርሃም ውስጥ፣ ስታይንድሮፕ በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን አንድ የአልባስጥሮስ መቃብር አለ። ላዩ ላይ ጥሩር የለበሰ ሰው ተጋድሟል፤ ግራና ቀኙ ሁለት ሚስቶቹ። ሰውየው የመጀመሪያው የዌስትሞርላንድ ኧርል (ኧርል ከመስፍን ዝቅ ያለ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ራልፍ ኔቪል ነው፤ በኦክቶበር 1425 ሞተ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለሚያየው ሰላም የሰፈነበት ቤት ይመስላል። ሁለተኛዋ ሚስቱ ጆአን ቦፎርት ግን ምስሏ እንጂ አፅሟ እዚያ የለም። ሊንከን ካቴድራል ከእናቷ ጎን ተቀብራለች። ስለዚህ ቤተሰብ ባነሳሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ይህ ነገር ነው።

የኔቪሎች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የዮርክና የላንካስተር ቤቶች ለዘውድ ከተዋጉበት ከጽጌረዳዎቹ ጦርነት፣ ከሰይፉና ከጎራዴው ጀምሮ ነው። እኔ ግን ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት፣ ብራና ላይ ነው ባይ ነኝ።

ራልፍ ከመጀመሪያዋ ሚስቱ ከማርጋሬት ስታፎርድ 8 ልጆች ወለደ። ማርጋሬት በጁን 1396 ሞተች። ዓመት ሳይሞላት ጆአንን አገባ። ጆአን የላንካስተሩ መስፍን የጎንቱ ጆን ልጅ ነች፤ ስትወለድ ወላጆቿ አልተጋቡም ነበርና ከወንድሞቿ ጋር ሕጋዊ ልጅነቷ በፓርላማ የጸደቀው በ1397 ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ንጉሥ ሪቻርድ ዳግማዊ ራልፍን ኧርል አደረገው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ደግሞ የጆአን ወንድም (በአባት ብቻ ነው የሚገናኙት) ሄንሪ ከስደት ተመልሶ እንግሊዝ ሲገባ ራልፍ ከእሱ ጋር ወገነ፤ ሄንሪ ነገሠ፤ ራልፍም የንጉሥ እህት ባል ሆኖ አረፈው። ከጆአን የተወለዱት 14 ናቸው። በድምሩ 22 ልጅ።

እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ አንድ ነገር መለየት አለበት። እኛ ርስት ስንል ወንዱም ሴቱም ከአባትም ከእናትም እየቆጠረ ይካፈለው የነበረውን ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት መሬት እንዲህ አልነበረም። ባላባቱ ምንም ሳይጽፍ ከሞተ ሁሉንም የሚወስደው የበኩር ልጅ ነው፤ በኩሩ ቀድሞ ከሞተ የበኩሩ ልጅ። ለመበለቲቱ በሕይወት እስካለች ሲሶው ይሰጣታል፤ ስትሞት ይመለሳል። ታናናሾቹ አባታቸው በሕይወት ሳለ ካላሰበላቸው ባዶ እጃቸውን ናቸው። እንግዲህ የራልፍ ጭንቀት ይገባል፤ የንጉሥ እህት ወንዶች ልጆች ወልዳለት የምንጣፍ ስፋት ታህል መሬት አይደርሳቸውም። ማዕረጉን ከበኩሩ ዘር ማራቅ አይቻልም። መሬቱን ግን ይቻላል፤ መንገዱን ካወቁበት።

መንገዱ ይህ ነበር። መሬቱ በቀጥታ ከንጉሥ የተያዘ ከሆነ አስቀድሞ የንጉሥ ፈቃድ ይገዛል፤ ሳይፈቀድ ማዛወር ቅጣት አለው። ከዚያ ባለቤቱ መሬቱን ለታመኑ ባለአደራዎች ይለቃል። ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ ምስክር ባለበት አንድ ጓል አፈር ወይም የበሩን ቀለበት ያስጨብጣል። ባለአደራዎቹ ጥቂት ከሆኑ አደጋ ነው፤ ሁሉም አልቀው አንዱ ብቻ ከቀረና እሱም ከሞተ መሬቱ በስሙ ወደ እሱ ወራሽ ይሄዳል፣ ክርክሩም ይጀመራል። ስለዚህ ብዙ አድርጎ መሾምና ቁጥራቸው ሲመናመን መተካት ያስፈልጋል። ባለአደራዎቹ ያንኑ መሬት መልሰው ለባልና ሚስቱ በጋራ፣ ከእነሱ በኋላ ደግሞ «ከሁለቱ አብራክ ለሚወጡ ወንዶች ወራሾች» ይሰጣሉ። ያቺ «ከሁለቱ» የምትለው ቃል ናት የመጀመሪያዋን ሚስት ልጆች በሙሉ ከደጅ ያስቀረችው።

ሌላው መንገድ የውሸት ክስ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። አንዱ ሌላውን በዌስትሚንስተር ፍርድ ቤት «ቃሉን አፈረሰ» ብሎ ይከሰዋል፤ ሁለቱም አስቀድመው ተስማምተዋል። ዳኞቹ እንዲታረቁ ይፈቅዳሉ፤ የእርቁ ቃል በአንድ ብራና ላይ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ሦስተኛው ከግርጌ አግድም። ብራናው በቀጥታ ሳይሆን እንደ ማዕበል እየተጠማዘዘ ይቆረጣል። ሁለቱ ቁራጮች ለባለጉዳዮቹ፣ የግርጌው ለመንግሥት ግምጃ ቤት። ነገ አንዱ ሐሰተኛ ብራና ይዞ ቢመጣ ጠርዙ ከግርጌው ጋር አይገጥምም።

ራልፍ በዚህ ዓይነት አሠራር በዮርክሻየር ሚድልሃምንና ሸሪፍ ኸተንን፣ በካምበርላንድ ፔንሪዝን ለጆአንና ለልጆቿ አዛወረ። ሚስት በጋራ የያዘችው መሬት ባሏ ሲሞት የሲሶ ነገር አይነሳበትም፤ ጠቅላላው የእሷ ነው። ወራሹ ለአካለ መጠን ባይደርስ እንኳ የንጉሥ ሹም መጥቶ አይወስደውም።

የሹሙ ነገር ቀላል አልነበረም። ከንጉሥ መሬት የያዘ ሰው ወንድ ልጁ 21 ዓመት ሳይሞላው ከሞተ፣ መሬቱም የልጁም ጋብቻ የንጉሥ ይሆናል፤ ንጉሡ ደግሞ ይሸጠዋል። ራልፍ የዚህ ገበያ ጎበዝ ነጋዴ ነበር። በ1423 የዮርክን መስፍን ሪቻርድን ሞግዚትነት በ3000 ማርክ ገዛ። ማርክ የሒሳብ ገንዘብ እንጂ ሳንቲም አይደለም፤ 13 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ ነው፤ ስለዚህ 3000 ማርክ 2000 ፓውንድ ይሆናል። በማግስቱ ዓመት የ13 ዓመቱን ልጅ ለ9 ዓመት ልጁ ለሴሲሊ አጨው። ከዚያ ጋብቻ ነገሥታቱ ኤድዋርድ አራተኛና ሪቻርድ ሦስተኛ ተወለዱ።

የቀሩትም እንዲሁ ተሰደሩ። ሪቻርድ የሶልዝበሪን ኧርል ብቸኛ ልጅ አግብቶ በእሷ በኩል ኧርል ሆነ። ዊልያም የፎከንበርግን ወራሽ፣ ኤድዋርድ የበርጋቬኒን አገቡ። ሮበርት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ በ1427 የሶልዝበሪ ጳጳስ ሆነ። ከመጀመሪያዋ ሚስት የተወለደው ትንሹ ራልፍ ደግሞ የጆአንን የፊት ባል ልጅ፣ የእንጀራ እህቱን ሜሪ ፌረርስን አገባ፤ ቤቱ ወደ ራሱ ሲጠመዘዝ ይታየኛል። ካተሪን የሞውብሬዩን ጆን አገባች። የጆን ታላቅ ወንድም ቶማስ በ1405 ከዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ጋር ሲያምፅ ራልፍ ሺፕተን ሙር ላይ አገኛቸው፤ ጥያቄያችሁን ተቀብያለሁ አላቸው፤ ሠራዊቱ እያየ አብረው ጠጡ፤ ሰዎቻችሁን አሰናብቱ አላቸው። ሲበተኑ ያዛቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ተቀሉ። በ1412 ልጁን ለሟቹ ወንድም ሲድር ምን ተሰምቶት እንደሆነ እንጃ።

የራልፍ በኩር ጆን በ1420 ሞቶ ስለነበር በ1425 ማዕረጉን የወረሰው የልጅ ልጁ፣ ዳግማዊ ራልፍ ነው። ኧርል ተባለ፤ የያዘው ግን በዋናነት ደርሃም ውስጥ ያለው ብራንስፔዝና ዙሪያው ነው፤ የቤተሰቡ ዋና ግንብ ሬቢ ራሱ እንኳ አከራካሪ ነበር። መክሰስ አይችልም ወይ? ብራናው ሕጋዊ ነው። ይባስ ብሎ በ1438 ሮበርት ኔቪል የደርሃም ጳጳስ ሆኖ መጣ። ያኔ ደርሃም ውስጥ ጳጳሱ እንደ ንጉሥ ነበር፤ ዳኛውም ሸሪፉም የእሱ ነበሩ። ወጣቱ ኧርል በያዛት ጥቂት መሬት ላይ እንኳ የበላዩ ከተቃራኒው ወገን የሆነ አጎቱ ሆነ። በዚያ ዓመት ሁለቱ ወገኖች ሰው አስታጥቀው ይፋለሙ ነበር። ጆአን በ1440 ሞተች፤ በ1443 ታረቁ ተባለ። ኧርሉ ሬቢን አገኘ፤ ሚድልሃም፣ ሸሪፍ ኸተንና ፔንሪዝ ለሶልዝበሪው ሪቻርድ ጸኑ። እርቁ ለእኔ የተሸናፊ ደረሰኝ ነው የሚመስለኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ የትኛው ወገን የት እንደሚቆም አስቀድሞ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል። የጆአን ልጆች ከዮርክ ጋር ሆኑ። የኧርሉ ወንድም ጆን፣ ሎርድ ኔቪል፣ ከላንካስተር ጋር። በ1460 መጨረሻ ዌክፊልድ ላይ የጆን ወገን አሸነፈ፤ ሶልዝበሪም ከውጊያው በኋላ ተገደለ። ሦስት ወር ሳይሞላ በታውተን ዘመቻ ጆን ራሱ ሞተ፤ የዮርክን ግንባር ቀደም ጦር ይመራ የነበረው ደግሞ ዊልያም ፎከንበርግ፣ የአባቱ ወንድም ነው።

ያቺ «ወንዶች ወራሾች» የምትል ቃል ግን አሸናፊዎቹንም አልማረችም። የሶልዝበሪ ልጅ ዋሪክ በ1471 ሲሞት ሁለት ሴቶች ልጆች ብቻ ነበሩት። ሚድልሃምን የያዘው የአንዷ ባል፣ የግሎስተሩ ሪቻርድ (በኋላ ሪቻርድ ሦስተኛ) ነው፤ በብራናው ግን መሬቱ የሚገባው ለዋሪክ ወንድም ለሞንታጉ ልጅ ለጆርጅ ነበር። ፓርላማ በ1475 ጆርጅን ከለከለ፤ ሪቻርድ መሬቱን ለዘሩ የሚያቆየው ግን ከሞንታጉ አብራክ ወንድ ወራሽ በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚል አንቀጽ ገባበት። ጆርጅ በሜይ 4 ቀን 1483 ልጅ ሳይወልድ ሞተ። በዚያች ቀን ሪቻርድ ሚድልሃምን የዕድሜ ልክ ብቻ አድርጎ አገኘው፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ዘውዱን ወሰደ። በዚህ ምክንያት ነው አልልም፤ ቀኑን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ዳግማዊ ራልፍ ይህን ሁሉ በሕይወት ሆኖ አየ። በ1484 ሲሞት ለ59 ዓመት የዌስትሞርላንድ ኧርል ነበር፤ በእጁ ብራንስፔዝና ሬቢ።