የእማዬ ጆንያ

ወዳጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሚያዝያ 2 ቀን 2018፣ ስቅለት። ገና በቅጡ አልነጋም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣቴ በፊት ይህችን ልጻፍላችሁ ብዬ ስልኬን ስከፍት "መልካም የስቅለት በዓል" የሚል መልእክት ጠበቀኝ። ከሥሩ ፊኛና ኬክ አለው። የላከችው ልጅ ክፋት የላትም፤ እወዳታለሁም። ግን ሳቄ መጣ። ለስቅለት ኬክ?

ለነገሩ እኔም ምን ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኛል። "እንኳን አደረሳችሁ" ልበል? አዎ፣ አድርሶናል፤ የ55 ቀኑ ጾም ጫፍ ላይ ነን። "መልካም በዓል" ለማለት ግን አፌ እሺ አይለኝም። በሰሙነ ሕማማት እኮ ሰላምታም የለም። ይሁዳ ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነውና በዚህ ሳምንት አንሳሳምም፣ መስቀልም አንሳለምም። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ግራ ይገባኝ ነበር። ሰው እንዴት ጎረቤቱን ሰላም ሳይል ያልፋል? አሁን አሁን ግን ዕረፍት ሆኖ ይታየኛል። ዓመቱን ሙሉ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ስንል እንከርማለን፤ ደህና ሳንሆንም ጭምር። በዚህ ሳምንት ደህና ነሽ ወይ የሚልሽ የለም። ደህና ነኝ ብለሽም አትዋሺም።

አንድ የምወደው ነገር ልንገራችሁ። ወንጌሉ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምድር ሁሉ ላይ ጨለማ ሆነ ይላል። አብዛኛው ዓለም ይህን ሲያነብ ማስላት ይኖርበታል። ስድስት የተባለው በእሱ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ነው፤ ዘጠኙ ሦስት ነው። እኛ ምንም አናሰላም። የወንጌሉ ሰዎች ቀኑን ከንጋት ይቆጥሩ ነበር፤ እኛም እስከ ዛሬ ከንጋት ነው የምንቆጥረው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጌታችን "አምላኬ አምላኬ ስለ ምን ተውኸኝ" ብሎ የጮኸበት ሲነበብ፣ የእጅ ሰዓቴን አያለሁ። ዘጠኝ ይላል። የድሮ ታሪክ መሆኑ ይጠፋኛል። የዋህነቴ ይሆናል፤ ይሁን።

ጅማን ለማታውቁ፣ በዚህ ወቅት እዚህ ይዘንባል። የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስለሚሞላ አብዛኛው ሰው የሚሰግደው ግቢው ላይ ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ውሃ ከነካው ይይዛል፣ አይለቅም። ስለዚህ ሁሉም የሚሰግድበትን ይዞ ይመጣል። ሰሌን የሚይዝ አለ፣ ካርቶን የሚይዝ አለ። እኛ ቤት የቡና ጆንያ ነበር።

እማዬ ያሳደገችን መጋዘን ውስጥ ቡና ለቅማ ነው። ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን ስትለይ ትውላለች። ጆንያዋንም ያመጣቻት ከዚያው ነው። ታጥባ፣ ታጥፋ ዓመቱን ሙሉ አልጋ ሥር ትቀመጣለች፤ የምትወጣው ለስቅለት ብቻ ነው። ልጆች ሆነን ሦስታችን አንድ ጆንያ ላይ ስንሰግድ ጭንቅላታችን ይጋጫል። ማታ ቤት ስንገባ የጆንያው መስመር ጉልበታችን ላይ ታትሟል፤ ግንባራችን ላይ ደግሞ ቀይ ጭቃ አለ። እማዬ ግንባሯን እስከ ቅዳሜ አትታጠብም ነበር። ትዕዛዝ አይደለም፤ የራሷ ነገር ነው።

ቀኑን ሙሉ የሳምንቱ መጽሐፍ ግብረ ሕማማት ይነበባል፣ ኪርያላይሶን (አቤቱ ማረን) ይባላል፣ ወድቀን እንነሳለን። መጨረሻ ላይ ወደ አራቱም ማዕዘን እየዞርን መቶ መቶ ጊዜ፤ 400 ማለት ነው። ከዚያ ካህናቱ በወይራ ዝንጣፊ ጀርባችንን ቸብ ቸብ እያደረጉ የበደለውን ሰምተው ለየሰዉ የስግደት ቁጥር ይሰጣሉ። የእማዬ ቁጥር ሁልጊዜ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ምን ብላ እንደነገረቻቸው ጠይቄያት አላውቅም።

አምና ግን ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። ስቅለት ሚያዝያ 10 ቀን ዋለ፤ እማዬ ሆስፒታል ተኝታለች፣ እኔ አስታማሚ ነኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ማይክ በመስኮት በኩል ከሩቅ ይሰማል፤ አንዳንዴ ነፋሱ ይወስደዋል። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች። መጀመሪያ ያመማት መስሎኝ ደነገጥኩ። ኪርያላይሶን እየቆጠረች ነው፣ በጣቷ አንጓ።

ከጎናችን ባለው አልጋ ባላቸውን የሚያስታምሙ አንዲት ሴት ነበሩ። ከገጠር የመጡ ሙስሊም ናቸው። አማርኛቸው ትንሽ ነው፤ የእኔም ኦሮምኛ ያው የሰፈር ኦሮምኛ ነው። ብዙ አላወራንም። እኔ ከሐሙስ ጀምሮ እህል ውሃ ሳልቀምስ አክፍዬ ነበርና አቅም የለኝም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እማዬን ማገላበጥ ነበረብኝ፤ ብቻዬን ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ሴትየዋ ሳልጠራቸው ተነሱና በአንዱ ወገን ያዙልኝ። አንሶላውን ሳብ ሳብ አደረጉት። "ጀባዹ" አሉኝ፤ በርቺ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ባላቸው ተመለሱ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሲመሽ ደግሞ ፔርሙሳቸውን ይዘው መጡ። ቡና ነው። "አሁን ይቻላል አይደል?" አሉኝ። ረመዳን ካለፈ ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር፤ የጾመ ሰው ምን ሰዓት ላይ ምን እንደሚሰማው ያውቁታል። እስከ ትንሣኤ እንደማልቀምስ መንገር ከበደኝ። ፉት አልኩላቸው። የንስሐ አባቴ ይህን ካነበቡ፣ አባ፣ ይፍቱኝ።

እማዬ በግንቦት አረፈች።

ከዚያ ወዲህ የስቅለቱ ታሪክ ሲነበብ ጆሮዬ የሚቆመው ሌላ ቦታ ሆኗል። ስምዖን የሚባል የቀሬና ሰው አለ። ቀሬና ዛሬ ሊቢያ በምንለው አገር የነበረች ከተማ ናት። ማርቆስ "ከገጠር ሲመጣ" ይለዋል። አስቡት፤ እህሉን ሊሸጥ እዚህ ጅማ ወደ ሂርማታ ገበያ እንደሚገባ ገበሬ ማለት ነው። የራሱ ጉዳይ አለው። ወታደሮቹ ያዙት፣ ያንን መስቀል ተሸከም አሉት። ልሸከም ብሎ አልመጣም፤ አስገድደውት ነው። በመንገድ ላይ ምን እንዳለ፣ ምን እንዳሰበ አልተጻፈም። ማርቆስ ግን የልጆቹን ስም ጠቅሷል፤ አሌክስንድሮስና ሩፎስ። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ልጆቹን ያውቋቸው የነበረ ይመስላል። "ያ እኮ የእነ ሩፎስ አባት ነው" እንደምንለው።

ስለ ተስፋ ስናወራ ወደ እሁድ እንሮጣለን። እኔም ሮጬ አውቃለሁ። ዘንድሮ ግን ዓርብ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ጌታችን እንኳ መስቀሉን እስከ መጨረሻው ብቻውን አልተሸከመም፤ አንድ መንገደኛ አገዘው። እናቱ፣ ዮሐንስ፣ ሴቶቹ ደግሞ መስቀሉ ሥር ቆመው ነበር። ምንም ማድረግ አይችሉም። ችንካር አይነቅሉ፣ ወታደር አይመልሱ። ግን አልሄዱም። እኔ ይህን ሳላውቀው ነው እስከ አምና የሰገድኩት ብል አላጋነንኩም።

መጋቢት ላይ እዚህ አካባቢ ቡናው አብቦ ነበር። እንቡጡ በበጋው ደርቆ ይቆይና ዝናብ ሲያገኘው በጥቂት ቀን ውስጥ ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ ሽታው ከመንገድ ያስቆማል። ሰዉ ፎቶ ያነሳል፣ "ትንሣኤ" ብሎም ይለጥፋል። ጥሩ ነው። እኔ ግን እማዬን የሚመስለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አበባው ቶሎ ይረግፋል። ከዚያ ለሳምንታት የሚታይ ነገር የለም፤ ከመርፌ ራስ የማትበልጥ አረንጓዴ ነገር ብቻ። ቀይ ሆና የምትለቀመው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። እማዬ በእነዚያ ወራት ስለ ቡና አታወራም ነበር። ሥራ የለማ። ሽሮ ትፈጫለች፣ ትጠብቃለች።

ሰው ያጣችሁ፣ ልጃችሁ ርቆ የሄደባችሁ፣ ዘንድሮም ዶሮ የምትገዙበት ያልተገኘላችሁ ወዳጆቼ፣ "አይዟችሁ፣ እሁድ ይመጣል" ብዬ አላደክማችሁም። ታውቁታላችሁ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስማችሁን አነሳለሁ። የክርስትና ስማችሁን ያላወቅኩትን በፌስቡክ ስማችሁ እጠራለሁ፤ እሱ ይለያችኋል።

ነጋ። ጎረቤቴ በሩን ከፍታ "አልወጣሽም እንዴ?" እያለች ነው። ዛሬ ካህኑ የሚሰጡኝን ቁጥር ስጨርስ የእማዬንም ልጨምርበት አስቤያለሁ፤ ስንት እንደነበር ግን እንጃ። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። ጆንያዋን በፌስታል ጠቅልዬ ልውጣ።