ሜምኖን የተዋጋላት ከተማ

ትሮይን ለማየት የጓጓሁት በሜምኖን ምክንያት ነው። የግሪክ አፈ ታሪክ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ይለዋል። እናቱ የንጋት አምላክ ኤኦስ፣ አባቱ ደግሞ የትሮይ ንጉሥ የፕሪያም ወንድም ቲቶኖስ ነው። ግሪኮች ትሮይን ሲወጉ፣ የከተማዋ ጀግና ሄክተር ሞቶ ጭንቅ ላይ ስትወድቅ፣ ጦሩን አስከትሎ ለአጎቱ የደረሰው እሱ ነው። በመጨረሻም በግሪኩ ጀግና በአኪሌስ እጅ ወደቀ። ግሪኮች ያኔ ኢትዮጵያ ሲሉ የዛሬውን ካርታችንን ማለታቸው አይደለም። ቢሆንም እየተሸነፈ ላለ ዘመድ ከዓለም ዳር ተነስቶ የሚደርስ ሰው ልቤን ይነካዋል።

ከኢስታንቡል ለትሮይ ቅርብ እስከሆነችው የቱርክ የወደብ ከተማ ቻናካሌ ድረስ ስድስት ሰዓት ገደማ ፈጀብን። አብዛኛውን መንገድ ተኝቼ ነው የመጣሁት። ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ማረፊያዬ አንድ ባለታክሲ 600 ሊራ ተቀበለኝ። የሆቴሉ ልጅ ዋጋውን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ 250 ይበቃው ነበር አለኝ። ክፍሌ ወደቡ ፊት ለፊት ነው። ጀልባው ጡሩምባውን ሲነፋ፣ ከታች ያለው ካፌ ሙዚቃውን ሲያስጮህ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ወደቡ ዳር እ.ኤ.አ. በ2004 ለወጣው «ትሮይ» ፊልም የተሠራው የእንጨት ፈረስ ቆሟል። ሰው ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል። እኔ አልቆምኩም። ፈረሱ ግሪኮች ውስጡ ተደብቀው ከተማዋ የገቡበት የአሸናፊዎቹ ተንኮል ነው፤ እኔ የመጣሁት የተሸነፉትን ቤት ለማየት ነው።

ዶልሙሽ የሚሉት ሚኒባስ ቴቭፊኪዬ መንደር አጠገብ አወረደኝ። ለውጭ አገር ሰው መግቢያው በዩሮ ነው የሚተመነው፤ ይቆጠቁጣል። የትሮይ ፍርስራሽ ባለበት ሂሳርሊክ ኮረብታ ላይ መጀመሪያ የሚቀበልህ ነፋስ ነው። የግሪኩ ባለቅኔ ሆሜር ትሮይን ነፋሻማ ያላት ወዶ አይደለም። ባሕሩ አሁን ሩቅ ነው። ወንዞቹ ያመጡት ደለል የባሕር ወሽመጡን ሞልቶት፣ ያኔ ውሃ የነበረው ዛሬ የእርሻ ማሳ ሆኗል።

እዚህ አንዷ በሌላዋ ፍርስራሽ ላይ የተሠሩ ዘጠኝ ከተሞች አሉ። እኔን የያዘኝ ከታች ሲቆጠር የስድስተኛዋ ግንብ ነው። ከታች ወፍራም ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ድንጋዮቹ ተጠርበው እርስ በርስ ተነካክሰዋል። በየተወሰነው ርቀት ግንቡ ትንሽ ወጣ ይልና ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፤ አንዷ እንሽላሊት በዚያ መስመር ሽቅብ ስትሮጥ አየሁ። ምሥራቃዊው በር ሁለት ግንቦች ጎን ለጎን ተደራርበው የፈጠሩት ጠባብ መተላለፊያ ነው። ጠላት በዚያ ከገባ ከግንቡ ላይ ሆነው ይመቱታል። ሜምኖን የመጣው ከምሥራቅ ነው ይባላል። በሩ ላይ ብዙ ቆየሁ።

የሽሊማን ቦይ ጋ ስደርስ ግን ተናደድኩ። ይህ ጀርመናዊ ነጋዴ የፕሪያምን ከተማ አገኛለሁ ብሎ ኮረብታውን ሰንጥቆ ወደ ታች ወረደ። የሚፈልገው ዘመን ከላይ ነበር፤ ብዙውን አፍርሶት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘውን ወርቅ የፕሪያም ሀብት ብሎ በድብቅ ከአገር አስወጣው። ወርቁ ጦርነቱ ተካሄደበት ከሚባለው ዘመን ከ1000 ዓመት በላይ ይቀድማል። በርሊን ገባ፤ በ1945 ሶቪየቶች ወሰዱት፤ ዛሬ ሞስኮ ፑሽኪን ሙዚየም ነው ያለው። መቅደላ የተዘረፈችው በ1868 ነው፤ ከዚህ አምስት ዓመት ቀድሞ። ታቦቶቻችንና ብራናዎቻችን ለንደን መቅረታቸው የሚያንገበግበው ሰው ይህን ቦይ ዝም ብሎ ማየት አይችልም።

ወደ ትሮይ ሙዚየም በእግር ስሄድ አንዲት እናት ከደጃቸው ጠሩኝ። ቋንቋ አንግባባም። ሻይ ቀዱልኝ፣ በለስ በሳህን አቀረቡልኝ። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው «ሀበሺስታን!» ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ «ቢላል ሀበሺ» አሉኝ። ገንዘብ ላወጣ ስል ጣቶቼን አጥፈው መልሰው ዘጉብኝ። የባለታክሲው ነገር ያኔ ወጣልኝ።

ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተ፣ ዝገት የመሰለ ቀለም ያለው ትልቅ ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካው ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም የተመለሱ 24 የወርቅ ጌጦች አሉበት። ጥቂት ናቸው፤ ግን ተመልሰዋል። ሌላውን ሁሉ በጥድፊያ አይቼ እነሱ ጋ ቆምኩ።

አንድ አስጎብኚ ስለ ሜምኖን ጠየቅኩት። መቃብሩ አሴፖስ ወንዝ አጠገብ ነበር ይባላል አለኝ፤ ወፎች ክንፋቸውን በወንዙ እየነከሩ መቃብሩን ይረጩት እንደነበር ጥንታውያኑ ጽፈዋል። ወንዙ ዛሬ ጎነን ይባላል፤ ከትሮይ ወደ ምሥራቅ ነው። መኪና ተከራይቶ የሚመጣ ሰው አንድ ቀን ጨምሮ ወደዚያ ይዝለቅ። እኔ የመመለሻ ትኬቴን ቆርጬ ነበር።