ለኮንዶሚኒየም ቤት የሚሆን የጊታር አምፕሊፋየር እንዴት እንደመረጥኩ

ኤሌክትሪክ ጊታር ከገዛሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያለ አምፕሊፋየር ነበር የምለማመደው። የክሩ ደረቅ ድምፅ ጣት ለማፍታታት ይበቃል፤ ትዝታን ወይም ባቲን በቅጡ ለመጫወት ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም በእኛ ቅኝቶች ውስጥ ዜማውን ዜማ የሚያደርገው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መንሸራተቱ፣ ክሩን ሳብ አድርጎ መልቀቁና ድምፁ ቀስ ብሎ እንዲጠፋ መተዉ ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ባልተሰካ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ አይሰማም። ለመግዛት ስነሣ የምኖረው ድምፅ በቀላሉ ከቤት ወደ ቤት በሚያልፍበት የኮንዶሚኒየም ሕንፃ እንደሆነ፣ የምለማመደውም ከሥራ መልስ ምሽት ላይ እንደሆነ አውቅ ነበር። ለአምፕሊፋየሩ የማወጣው ገንዘብ ለጊታሩ ካወጣሁት እንዳይበልጥም ወስኜ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ስለዚህ አዲሱን ብቻ ሳይሆን ያገለገለውንም ማየት ግድ ሆነብኝ።

በየሱቁ መጀመሪያ የሚጠራው ቁጥር ዋት ነው። አንድ ሻጭ «ወንድሜ፣ ትንሽ ጨምርና ባለ 60 ዋቱን ውሰድ፤ ኋላ ይቆጭሃል» ብሎ መክሮኛል፤ ምክሩ ከከበሮ ጋር መድረክ ላይ ለሚጫወት ሰው ትክክል ነው። ለቤት ግን ዋት አሳሳች ቁጥር ነው። የአምፕሊፋየሩ ኃይል በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ብቻ ሲሆን፣ ጆሮአችን «አሁን እጥፍ ጮኸ» የሚለው ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ገደማ ሲያድግ ነው፤ ስለዚህ ስፒከሩ ተመሳሳይ ከሆነ ባለ 100 ዋቱ ከባለ 10 ዋቱ የሚጮኸው በጆሮ ሲመዘን እጥፍ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከሮች በ1 ዋት ብቻ፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ፣ ከ95 ዴሲቤል በላይ ድምፅ ያወጣሉ፤ የሰው ጭውውት ደግሞ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ በጭውውት ልክ የሚለማመድ ሰው ከአንድ ዋት አንድ ሺህኛውን እንኳ አይጠቀምም። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ጥያቄዬ «ምን ያህል ይጮኻል?» መሆኑ ቀርቶ «ዝቅ ሲል ምን ይመስላል?» ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ምርጫ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የመጣ ነው።

ዝቅ ብሎ የሚያምር አምፕሊፋየር ማግኘት ከሚገመተው በላይ አስቸጋሪ ነው። አንደኛ፣ በትልልቆቹ ላይ የቮልዩም ማዞሪያው ከዜሮ ትንሽ ነቅነቅ ሲል ድምፁ በአንድ ጊዜ ቤቱን ይሞላዋል፤ በዜሮና በጩኸት መካከል ጣት የሚያርፍበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ከሁሉ በፊት ወፍራሙን ድምፅ ነው የሚያጣው፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉት የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በመለኪያ አሳይተዋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ከፍ ተደርጎ ሲሰማ ሙሉ የነበረው ድምፅ ቤት ገብቶ ዝቅ ሲል ይሳሳል፤ ያ ማለት አምፕሊፋየሩ ተበላሸ ማለት አይደለም።

ገንዘብ ሳላወጣ ልገላገል ብዬ ቤት ያለውን ብሉቱዝ ስፒከር ለመጠቀም አስቤ ነበር፤ ብዙ ጀማሪዎችም ይህንኑ ይጠይቁኛል። በብሉቱዝ የሚላክ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይዘገያል፤ ዘፈን ለማዳመጥ ይህ ምንም ማለት አይደለም፣ ጭብጨባውን ጠብቆ ጭክጭካ ለሚመታ ሰው ግን ጨርሶ አይሆንም። ጊታሩን በገመድ በቀጥታ ከቴፕ ወይም ከሆም ቴአትር ጋር ማገናኘትም ዋጋ ያስከፍላል። የጊታር ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ክፍል፣ ደካማ ምልክት የሚሰጥ ስለሆነ የሚሰካበት መግቢያ 1 ሜጋ ኦም (አንድ ሚሊዮን ኦም) ያህል የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ሊኖረው ይገባል፤ የቴፕ መግቢያ ግን ብዙ ጊዜ በአሥር ሺዎች ኦም የሚቆጠር ብቻ በመሆኑ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል፤ ጊታሩም ብርድ ልብስ እንደለበሰ ሆኖ ይሰማል።

አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አንድ ትንሽ የቫልቭ አምፕሊፋየር፣ ማለትም እንደ ድሮ ሬዲዮ በሚሞቁ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ፣ ሊልክልኝ ፈልጎ ነበር። የቫልቭ ድምፅ ውበት አለው፤ ይህን የሚክድ ጊታሪስት ጥቂት ነው። ሆኖም ያ ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ሲሆን የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ የሚናገር ቁጥር ነው። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቶ ማገናኘት ይቻላል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ኸርዙን አይለውጠውም፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ ተመጥኖ የተሠራ የአምፕሊፋየር ትራንስፎርመር ደግሞ በ50 ኸርዝ ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል። በዚያ ላይ ቫልቭ ከጊዜ በኋላ የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ መለወጫውን እዚህ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ስለዚህ አመስግኜ ተውኩት። ከትንንሾቹ ዲጂታል አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ የሚሠሩት ለብቻው በሚሰካ አዳፕተር ነው፤ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ዕቃው ከየትም አገር በሻንጣ ቢመጣ የሶኬት መለወጫ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከድምፁ በፊት ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ይሻላል።

ለመሞከር የምሄደው ጠዋት፣ ሱቆቹ ገና ሲከፈቱና የመንገዱ ጩኸት ሳይበረታ ነበር፤ ዝቅ ያለ ድምፅ በሌላ ሰዓት መገምገም አይቻልም። የራሴን ጊታርና የራሴን ገመድ እይዛለሁ። ሻጮች ዕቃቸውን የሚያሳዩት በዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን ሆን ብሎ በሚያሻክረው የሮክ ድምፅ፣ ነው፤ እኔ ግን ዲስቶርሽኑን አጥፍቼ፣ ከሻጩ ጋር እያወራሁ በምሰማው መጠን፣ አንድ ዜማ በዝግታ እጫወታለሁ። ዲስቶርሽን የጣትንም የአምፕሊፋየሩንም ጉድለት ይሸፍናል፤ ንጹሕ ድምፅ ግን ምንም አይደብቅም፤ ለእኛ ሙዚቃ የሚያስፈልገውም በአብዛኛው እርሱ ነው። የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ሥዩም የተጫወተባቸውን ዘፈኖች ያዳመጠ ሰው እያንዳንዱ የክር ምት ተለይቶ መሰማቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም።

ያገለገለ ከሆነ ማዞሪያዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አዞራለሁ። የሚንኮሻኮሽ ማዞሪያ ብዙውን ጊዜ አቧራ ስለገባበት ነውና በማጽጃ ስፕሬይ ይድናል፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳል። የገመዱ መሰኪያ ሲነካ ድምፅ የሚቆራረጥ ከሆነ ብየዳ ያስፈልገዋል። ስፒከሩ በወፍራሙ ክር ላይ የሚንጫረር ከሆነ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አልገዛውም። ሳይጫወቱ የሚሰማውን እዝ የሚል ድምፅም ማዳመጥ ተገቢ ነው፤ ይህ ድምፅ የሚመጣው የሱቁ ሶኬት የመሬት መስመር (ኧርዝ) ስለሌለው ሊሆን ስለሚችል ግን ሌላ ሶኬት ላይ ሳይሞክሩ ፍርድ መስጠት አይገባም።

በመጨረሻ በእጄ የነበሩት አማራጮች ጥቂት ነበሩ። ፌንደር ፍሮንትማን 10ጂ 10 ዋትና ባለ 6 ኢንች ስፒከር ነው፤ ቀላልና ግልጽ ዕቃ ነው፣ ነገር ግን ሪቨርብ (በትልቅ አዳራሽ እንደሚሰማው ድምፁን የሚያስተጋባ) የለውም፣ በባትሪም አይሠራም። ቦስ ካታና ሚኒ 7 ዋት ሲሆን ስፒከሩ 4 ኢንች ነው፤ በባትሪም ይሠራል። የመረጥኩት ያገለገለ ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ጂኤክስን ነው፤ 3 ዋት ብቻ፣ ስፒከሩ 5 ኢንች። ዋቱን የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔን የማረከኝ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚታወቀው የሮላንድ ጃዝ ኮረስ አምፕሊፋየር አምሳያ የተሠራው ንጹሕ ድምፁ ነው፤ በጣም ዝቅ ሲልም አይደበዝዝም። ሪቨርብ፣ መቃኛ፣ የጆሮ ማዳመጫና የስልክ መሰኪያ አለው። መብራት ሲጠፋም በ6 ትንንሽ ባትሪዎች ይሠራል፤ ይህን እንደ ትርፍ ነገር የሚያይ ሰው መብራት በማይጠፋበት ሰፈር የሚኖር መሆን አለበት። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል አዳፕተሩን ቀድሜ ከግድግዳው እነቅላለሁ።

ከገዛሁት በኋላ ከታች ፎቅ የሚኖሩትን እናት ይረብሻቸው እንደሆነ ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ዘፈኑስ አይሰማኝም፤ እኔን የሚሰማኝ ድም ድም የሚለው ነው» አሉኝ። ወለል ላይ የተቀመጠ አምፕሊፋየር ንዝረቱን በቀጥታ ለኮንክሪቱ ይሰጣል፤ ኮንክሪቱም ለታችኛው ቤት ያቀብላል። አሁን የሚቀመጠው የታጠፈ ጋቢ በተነጠፈበት ወንበር ላይ ሲሆን ፊቱ ወደ እኔ ቀና ብሏል። የስፒከር ቀጭን ድምፅ የሚወጣው ቀጥ ብሎ ወደፊት ስለሆነ፣ አምፕሊፋየሩ ቁርጭምጭሚትን እያየ ከተቀመጠ ተጫዋቹ ድምፁ የደበዘዘ መስሎት ቮልዩም ይጨምራል፤ ወደ ጆሮ ሲዞር ግን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ እሰካለሁ። በጆሮ ማዳመጫ ብቻ መለማመድን ግን አልመክርም፤ ቀኝ እጅ ክሩን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚመታ የሚማረው ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ሲሰማ ነው።

ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በድራም ስንለማመድ ማይክሮ ኪዩቡ ጨርሶ አይሰማም፤ ለዚያ ቀን የልምምድ ስቱዲዮው የራሱ ትልቅ አምፕሊፋየር አለው። ከመደብኩት ገንዘብ በተረፈው ጥሩ ገመድ፣ አዲስ ክርና ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ገዛሁ፤ ጊታሩንም አንገቱንና የክሩን ከፍታ ለሚያስተካክል ባለሙያ ሰጠሁት።